ከውርሱ በፊት ዕዳው

 

አባቴ ወደ አኺራ ከሄዱ ሦስተኛው ቀን ነበር። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለው የቤተሰባችን ግቢ ለተዕዚያ የመጡት ሰዎች ዙሑርን ሰግደው እንደተቀመጡ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡና የአባቴን ጋቢ ከተሰቀለበት አውርደው በትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ። «አያትህ በዚህ ግቢ ሰው ሲያስታርቁ ኖሩ፤ አባትህም እንደዚሁ። ከእንግዲህ ወንበሩ ያንተ ነው። የነዚያ ልጅ አይደለህም ወይ?» አሉኝ። ዱዓ ተደረገ፤ የተሰበሰበው ሰውም «አሚን» አለ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰዎቹ በትሕትና ያቀረቀርኩ መሰላቸው። ነገሩ ግን ትሕትና አልነበረም። ምን እንደነበረ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ቆይቷል። ዳኝነትና ሕዝብን ማገልገል እንደ ቤትና እንደ ከብት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳልን? ይወረሳል ከተባለስ ልጅየው የሚረከበው ምኑን ነው? ክብሩን ነው? ዕውቀቱን ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ይህ ጥያቄ የኔ ቤት ብቻ አይደለም። በወሎ ምድር «የማን ልጅ ነህ?» የማይባል ሰው የለም። መልሱን ሰምቶ «አሃ! የነዚያ ነህ!» የሚባል ሰው ደግሞ ሳይሠራ ግማሹን መንገድ እንደሄደ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ጉዳዩን አብረን እንድንመረምረው እጋብዛችኋለሁ።

የዕውቀት ቤቶች

እንደሚታወቀው ወሎ የቂርኣት አገር ናት። ደረሳው ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ፊቅሁን፣ ነህውን፣ ተፍሲሩን ይቀራ የነበረው በእነዚሁ በምናውቃቸው ኮረብቶችና ሸለቆዎች ነው። ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ገታ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1863 ባረፉት በሐጂ ቡሽራ ስም ይጠራል። በአልቡኮ የሚገኘው ጀማ ንጉሥ የሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ መታወቂያ ነው። በስተደቡብ በኩል በተራራ አናት ላይ ያለችው የድንጋይ ቤቶች መንደር ሾንኬ ሸይኽ ጀውሃርን ታስታውሳለች። ወደ ሰሜን በየጁ ምድር ደግሞ ዳና አለ። የዳናው ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም «ዳኒ አል-አወል» ይባሉ ነበር፤ የዳናው ቀዳሚ ማለት ነው። ቀዳሚ መባላቸው ብቻውን ወንበሩ ተከታይ እንዳገኘ ይነግረናል። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ባዘጋጁትና በ2001 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፋቸው እነዚህን ማዕከላት በሰፊው አጥንተዋቸዋል።

እነዚህ ቤቶች ማስተማሪያ ብቻ አልነበሩም። የተጣሉ ባልና ሚስት የሚመጡት እዚያ ነው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች የሚታረቁት፣ የወሰንና የውሃ ክርክር የሚያልቀው፣ የሟች ንብረት የሚከፋፈለው እዚያ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤትም ቢሆን የሸይኹን ቃል አምኖ ይመጣ ነበር። ሸይኹ ፖሊስም ሆነ እስር ቤት አልነበራቸውም። ፍርዳቸውን የሚያስፈጽመው ሰው በእሳቸው ላይ ያለው እምነት ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ አገልግሎት በብዙ ቦታ በቤተሰብ ውስጥ የቆየው ያለምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ኪታቡ ያለው በዚያ ቤት ነው። ኪታብ በእጅ እየተጻፈ በሚባዛበት ዘመን አንድ የፊቅህ ኪታብ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማንቆርቆሪያ ይዞ እንግዳ እያስታጠበ የክርክሩን አካሄድ ይሰማል። ማን እንደዋሸ፣ አባቱ ዋሾውን ሳያዋርዱ እንዴት እንደመለሱት ያያል። ይህን የትኛውም ኪታብ አይጽፈውም። ሦስተኛ፣ ሰው የሚያውቀውን ቤት ያምናል። ስለዚህ የአስታራቂ ልጅ አስታራቂ ቢሆን ነውር የለበትም።

ይህ የኛ አገር ነገር ብቻም አይደለም። በአንዳሉስ ቁርጡባ የኢብን ሩሽድ ቤተሰብ ነበር። አያትየው የከተማዋ ታላቅ ቃዲ ነበሩ። አባትየውም ቃዲ ሆኑ። ዓለም የሚያውቃቸው የልጅ ልጅ የተወለዱት አያታቸው በሞቱበት ዓመት በ1126 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ እሳቸውም በ1169 የሴቪላ፣ ኋላም የቁርጡባ ቃዲ ሆነዋል። ሁለቱ እንዳይምታቱ ዑለማዎች አንደኛውን «አያትየው»፣ ሁለተኛውን «የልጅ ልጁ» ብለው ይለዩዋቸዋል። ልብ ልንለው የሚገባን ግን የልጅ ልጅየው የሠሩትን ነው። «ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» በተባለው ኪታባቸው ዑለማዎች በአንድ ጉዳይ ለምን እንደተለያዩ፣ እያንዳንዱ ማስረጃው ምን እንደሆነ እየዘረዘሩ ይመዝናሉ። «አያቴ እንዲህ ብለዋልና አበቃ» አላሉም። በ1195 ደግሞ ውግዘት ደርሶባቸው ከከተማቸው ሲባረሩ የአያታቸው ስም አላዳናቸውም። ዛሬ ስማቸውን የሚያስጠራው ዘራቸው ሳይሆን የመረመሩት ነገር ነው።

ሹመትና ወንበር

ውድ አንባቢ፣ ወደ አገራችን እንመለስ። ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በአፄ ዮሐንስ ዘመን የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ከሃይማኖታቸውና ከሹመታቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የኢማምነት ማዕረግ የነበረው የወረ ሂመኖ ገዥዎች ቤት እንኳ በዚያው ዘመን ስሙ ተለወጠ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። ደሴንም መቀመጫቸው አደረጓት፤ ኋላም ንጉሥ ተባሉ። በአንጻሩ እንደ ሸይኽ ጦልሃ ኢብን ጀዕፈር ያሉ ዑለማዎች አዋጁን ተቃውመው ተነሡ። ሌሎችም ኪታባቸውን ይዘው ተሰደዱ። እዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ የዚያን ዘመን መከራ ያየው ያውቀዋል። ማለት የፈለግሁት ከላይ የተሰጠ ወንበር ከላይ እንደሚነሣ፣ በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠ ወንበር ግን ሰውየው በሄደበት አብሮት እንደሚሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለሙስሊሙ ዳኝነት በሕግ ቦታ የሰጠበት ጊዜ መጣ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶችን አቋቋመ። ጋብቻ፣ ፍች፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ በነዚህ ፊት እንዲታዩ ተደረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለነዚህ ፍርድ ቤቶች ምንም ባይልም ሥራቸው አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና በአንቀጽ 78 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጀ።

በዚህ ሁሉ ሕግ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እንመልከት። አንደኛው፣ ሕጉ ቃዲ የሚሆነው ሰው የእስልምናን ሕግ ማወቁን ይጠይቃል እንጂ የማን ልጅ መሆኑን አይጠይቅም። ሁለተኛው፣ የዳኝነቱ መሠረት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ይህም ማለት በመንግሥት ደመወዝ የሚሠራው ቃዲም ቢሆን፣ ከዋርካ ሥር እንደሚቀመጠው ሽማግሌ፣ ሰው አምኖት ካልመጣ ወንበሩ ባዶ ነው።

ዘር የማይሸፍነው

ሃይማኖታችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ቃል ግልጽ ነው። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ለሰዎች መሪ እንደሚደረጉ ሲበሰሩ ለዘራቸውም እንዲሆን ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ቃል ኪዳኑ በደለኞችን እንደማይመለከት ነበር። የኢብራሂም ልጅ መሆን እንኳ በደልን ካልሸፈነ፣ የኔና ያንተ አባት ልጅ መሆን ምን ይሸፍናል? አላህ በቁርኣኑ በፍትሕ እንድንቆም ሲያዘን፣ ፍርዱ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ እንዳናጎድል ጨምሮ ነው።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የትልቅ ቤት ልጅ ሰርቃ አማላጅ በተላከባቸው ጊዜ ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ታላቁን እየተዉ ደካማውን በመቅጣታቸው እንደሆነ ተናገሩ። የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ ፍርዱ እንደማይቀርላት አስረዱ። ዳኞች ሦስት ዓይነት መሆናቸውንና ከሦስቱ ጀነት የሚገባው አንዱ ብቻ እንደሆነም አስተምረውናል፤ ይህም እውነቱን አውቆ በእውነቱ የፈረደው ነው። እውነቱን እያወቀ ያጓደለውና ሳያውቅ የፈረደው መኖሪያቸው እሳት ነው። «የእከሌ ልጅ ዳኛ» የሚባል አራተኛ ዓይነት ግን አልተጠቀሰም።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከእሳቸው በኋላ መሪ የሚመርጡትን ሲሰይሙ ልጃቸው ዐብደላህ ለምክር እንዲገኝ ፈቀዱ፤ መሪነቱ ግን ለእሱ እንዳይሆን አደረጉ። ዐብደላህ ዕውቀት አንሶት አልነበረም። አባትየው ግን አማናው ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ተጠያቂ እንዳያደርግ ፈሩ። እኛ እንደ ክብር የምንሽቀዳደምበትን እሳቸው እንደ ሸክም አዩት።

የአባቴ ደብተር

አሁን ወደ ጀመርኩት ነገር ልመለስ።

ተዕዚያው ካበቃ በኋላ እናቴ የአባቴን የብረት ሳጥን አስከፈተችን። ኪታቦች፣ ደረሰኞችና ሰባት ደብተሮች ነበሩበት። አባቴ ያስታረቁትን ሁሉ ይጽፉ ነበር፤ የተከራካሪዎቹን ስም፣ የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑን በሒጅራና በኛ አቆጣጠር። እኔ በመድረሳ ፈራኢድን ከሌላው ትምህርት ጋር አስተምራለሁና የውርስ ክፍፍሎቹን በተለይ እየተመለከትኩ ገለጥኩ። ስሌቱ ሁሉ የተጣራ ነው። የሴት ልጅ ድርሻ ተሸፍኖባት የመጣችን ሴት ሁሉ አስመልሰውላታል። «እንዲህ ያለ አባት!» እያልኩ ሳገላብጥ፣ ከሦስተኛው ደብተር መካከል የ1980 ዓ.ም. ገጽ ላይ ደረስኩ። ጉዳዩ የአያቴ ውርስ ነው።

«6 ከብት፣ 1 ቤት» ይላል። አያቴ ሲሞቱ ሚስታቸው ቀድመዋቸው ስለነበር ወራሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባቴና አንዲት እህታቸው። ስሌቱም ተሠርቷል፤ ከ3 እጅ 2ቱ ለወንዱ፣ 1ዱ ለሴቷ። ከዚያ በታች «እህቴ ትታለች» የሚል አለ። ከእሱ በታች ደግሞ በሌላ ቀለም፣ የእጅ ጽሑፉ በተንቀጠቀጠበት በሽምግልና ዘመን የተጻፈ አንድ ቃል አለ። «ጠይቃት» ይላል።

ይህን ቃል አባቴ ለራሳቸው ይጻፉት ለኔ አላውቅም። ጋቢው በትከሻዬ ላይ ሲደረብ አንገቴን ያስደፋኝ ግን ይኸው ጉዳይ ነበር። ያን ቀን ሕፃን ብሆንም አስታውሳለሁ። አክስቴ ከበሩ ጥግ በነጠላዋ ተሸፋፍና ቆማ ነበር። ማንም ወደ እሷ አላየም። እኔ ካደግሁ በኋላ የውርስን አንቀጽ ለደረሶቼ ዓመታት ሙሉ አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ወደ አክስቴ ቤት ሄጄ አልጠየቅኋትም። ስማችን እንዳይጎድፍ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ ወጣሁ። አክስቴ የምትኖረው ሸዋ በር አካባቢ ነው። ቡናውን አቅርባ ስትጨርስ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ ያኔ ለአባቴ ድርሻሽን ትተሽ ነበር?»

ዝም ብላ ቆየች። «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ሽማግሌዎቹ ‹ለወንድሟ ትታለች› ብለው ዱዓ አደረጉ። ሰዉም አሚን አለ፤ እኔም አልኩ። ዱዓ ላይ አሚን የማይል ማን አለ?»

ቀጥላም «አባትህ ለሰው እህት ድርሻዋን ሲያስከፍል ስሰማ እኮራበት ነበር። ማታ ግን ‹የኔስ?› እላለሁ። ልጄ ከአማርኛው የቁርኣን ትርጉም አንብባልኛለች፤ ድርሻዬ በስሜ ባይጻፍም ተጽፎ አግኝቼዋለሁ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ያ የአማርኛ ትርጉም በሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ተዘጋጅቶ በ1961 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ነው። እነዚያ ዑለማዎች በየቤቱ ምን በር እንደከፈቱ ያን ቀን ገባኝ። ኪታቡ በአንድ ቤት ተቆልፎ በነበረ ጊዜ አክስቴ መብቷን የምታውቀው ከወንድሟ አፍ ብቻ ነበር።

ኀፍረት ይዞት የተሰጠ ገንዘብ በልብ ፈቃድ እንዳልተሰጠ ዑለማዎቻችን አስተምረዋል። በወሎ ስንት እህቶች ናቸው «ወንድሟን የከሰሰች» እንዳይባሉ ሲሉ ዝም ያሉት? ስንት ሽማግሌዎችስ ነን ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ የመዘገብነው?

ዕዳው ይቅደም

በሸሪዓችን የሟች ንብረት አከፋፈል ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የመገነዣና የቀብር ወጪ ይነሣል። ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል። ከዚያ ከሢሶ ያልበለጠው ኑዛዜ ይፈጸማል። ወራሽ እጁን የሚዘረጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዕዳ ሳይከፈል ውርስ የተካፈለ ሰው የወሰደው የራሱን ሳይሆን የአበዳሪውን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ሬሳ ሲቀርብላቸው፣ አንዱ ባልደረባ ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ሳይሰግዱበት መቆየታቸውን አንርሳ።

እኔም ያሰብኩት ይህን ነው። የቤት ንብረት እንዲህ ከሆነ የቤት ስምም እንዲሁ ነው። «የነዚያ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ስሙን ከመልበሱ በፊት በስሙ ላይ ያለውን ዕዳ መጠየቅ አለበት። አባቶቻችን ለሕዝብ የሠሩት መልካም ነገር ሐብታቸው ነው። ያጎደሉትም ነገር ዕዳቸው ነው። ሐብቱን ወስዶ ዕዳውን የሚክድ ወራሽ የለም፤ ካለም ወራሽ ሳይሆን ቀማኛ ነው።

ይህን ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ነገርኳቸው። ወንዶች ሦስት ሴቶች ሁለት ነን። አንደኛው ወንድሜ ተቆጣ። «አባታችንን በመቃብራቸው ልትከሳቸው ነው? በአገር የተከበረ ስማቸውን በገዛ ልጃቸው አፍ ልታጠፋው ነው?» አለኝ። ንግግሩ እውነት ያለበት ስለሆነ አመመኝ። የአባትን ነውር መሸፈን ተገቢ ነው። ነገር ግን ነውር የሚሸፈነው ለባለቤቱ ሲጠቅም ነው። የአባታችን ነፍስ በዕዳዋ ተይዛ ሳለ የኛ ዝምታ ለማን ይጠቅማል? ይህን ስነጋገር እህቶቼን አየኋቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ይጎትታሉ። አክስቴ ከበሩ ጥግ የቆመችው ትዝ አለችኝ። የሚቀጥለው «ትታለች» የማን እንደሚሆን ያኔ ታየኝ።

ጉዳዩን ማን ይየው? እኔ በራሴ ጉዳይ መፍረድ አልችልም። አባቴ ካስተማሯቸው ሁሉ ፈራኢድን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ደረሳ ነበረ። የሸማኔ ልጅ ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ ከባድ ስሌት ሲገጥማቸው «እስቲ እሱን ጥሩት» ይሉ ነበር። ጋቢው ሲደረብልኝ ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ «አሚን» ካሉት አንዱ እሱ ነበር። ማንም ወደ እሱ አላየም። ሄጄ «ፍረድልን» አልኩት። ሁላችንንም ለየብቻ ጠየቀ። አክስቴን ግን ያለ ወንዶች፣ ልጇ ባለችበት ጠየቃት። ከዚያም የ2 ከብት ዋጋና የቤቱ ሢሶ በአባታችን ንብረት ላይ ያለ ዕዳ መሆኑን ፈረደ። ዕዳው ከተነሣ በኋላ የቀረውን ለእናታችን፣ ለእኛና ለእህቶቻችን በየድርሻችን ደለደለ።

አክስቴ ገንዘቡን ተቀበለች። ቆጠረችው። «ሐላል ነው። ወንድሜንም ዐውፍ ብየዋለሁ፤ አላህ ይዘንለት» አለች። በገንዘቡ የቤቷን ቆርቆሮ አስቀየረች። የተቆጣው ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጠም። አሁን ለዒድ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ይህንን የምጽፈው ነገሩ ያለ ዋጋ አልቋል እንዳይመስላችሁ ነው።

ጋቢውንስ ምን አደረግሁት? ለሽማግሌዎቹ መለስኩላቸው። «ወንበሩ ለሚያውቀው ይሁን» ብዬ የዚያን ደረሳ ስም ጠራሁ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። «የሸማኔ ልጅ በነዚያ ግቢ!» ያለም ነበረ። ነቢያት ዲናርም ድርሃምም እንዳላወረሱ፣ ያወረሱት ዕውቀት እንደሆነ፣ ወራሾቻቸውም ልጆቻቸው ሳይሆኑ የዕውቀት ባለቤቶች እንደሆኑ ከሐዲሱ አስታወስኳቸው። ዛሬ በዚያ ግቢ እሱ ይፈርዳል። እኔ ደግሞ ደብተሩን እጽፋለሁ። «ትታለች» ብዬ የምጽፈው ሴትየዋ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ከተነገራትና በገዛ አንደበቷ ከተናገረች ብቻ ነው።

ወገኖቼ! አባቶቻቸው በቃዲነት፣ በሽምግልና፣ በመምህርነት ወይም በመንግሥት ሥራ ሕዝብን ያገለገሉላችሁ ሁሉ፣ ዕድለኞች ናችሁ። ያ ዕድል ግን ከሌላው ሰው ቀድሞ እንድትጠየቁ ያደርጋችኋል እንጂ ከመጠየቅ አያድናችሁም። የአባታችሁን ሳጥን ክፈቱ። ከበሩ ጥግ የቆመ ሰው እንዳለ ጠይቁ። የአባቶቻችንን ክብር የሚጠብቀው ምስላቸውን መስቀል አይደለም፤ እነሱ ያልጨረሱትን መጨረስ ነው። አባቴ «ጠይቃት» ብለው ጽፈው ሄዱ። ከሰባቱ ደብተሮች ሁሉ የወረስኩት ትልቁ ነገር ያ አንድ ቃል ነው ብል አላጋነንኩም።

እንደኔ ዓይነት ስም የሌላችሁ ደግሞ፣ ወንበር በዘር ብቻ የሚገኝ መስሏችሁ ከበሩ አጠገብ አትቅሩ። ቅሩ፣ እወቁ፣ አላህንም ፍሩ። ቃል ኪዳኑ ከበደለኛ የትልቅ ሰው ልጅ ይልቅ ለእናንተ ይቀርባል።

አላህ ያለፉትን አባቶቻችንን ይማርልን፤ ዕዳቸውን የምንከፍልላቸው እንጂ በስማቸው የምንበላ አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።